ከድንጋዩ ጀምሪ

ኤድዊን ሜትካፍ ወሬ አይችልበትም፤ የሚችልበት ምሳሌ ነው። በግ ሲሞትበት «ለፈሰሰ ወተት አይለቀስም» ይልና አካፋውን ያነሳል። ጎረቤት በመንግሥት ሊያማርር ሲመጣ «ትንሽ የተወራ ቶሎ ይጠገናል» ይለዋል፤ ሰውየውም ሻዩን ጨልጦ ይሄዳል። እሱ በሚኖርበት የበግ አርቢዎች ሸለቆ ነገር ሁሉ የሚያልቀው እንደዚያ ነው። ሆድ ሲብስ፣ ቂም ሲያድር፣ ሰው የሚለው ሲጠፋው፣ አንድ የአያት ምሳሌ ጣል ይደረግና ነገሩ እዚያው ይከደናል። ትርጉሙ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የተከደነ ድስት ለምን ይከፈታል?

ሂልዳን ለጋብቻ ሲጠይቃት እንኳ፣ ድርቆሽ የተጫነ ጋሪ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ቆቡን በጣቶቹ እያዞረ፣ «ፀሐይ ሳለ ነው ድርቆሽ የሚሰበሰበው» አላት። ገባት። መከሩ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ተጋቡ። ከዚያ ወዲህ «እወድሻለሁ» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም፤ ሂልዳም አልጎደለባትም፤ ወይም እንዳልጎደለባት ነው የምትናገረው።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ዶክተር ፓስኮ መጥታ የምሳሌ ትርጉም የጠየቀችው።

ነገሩ የጀመረው በበረዶው ወራት ነው። ኤድዊን አንድ ማለዳ ውሻውን ኔልን አስከትሎ በጎቹን ሊያይ ተራራ ወጣ። በጎቹ ከተሸጡ ቆይተዋል። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ዊልፍ ኤድዊንን ከድንጋይ ካብ ሥር ተቀምጦ አገኘው፤ ኔል እግሮቹ ላይ ተኝታ ታሞቀዋለች። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የጋዝ ምድጃውን ከፍቶ፣ ክብሪት ሳይጭር፣ ውኃው እስኪፈላ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ሂልዳ ደረሰችበት። እሷ ወገቧን ታማለች፤ ተራራ ለተራራ ልትከተለው አትችልም። ልጃቸው ኔቪል ሊድስ ከተማ ነው የሚኖረው። በስልክ «እማዬ፣ ከመጸጸት መጠንቀቅ ይሻላል» አላት። ከአባቱ የወረሰው ይህንኑ ነው። ዶክተሯንም የጠራው እሱ ነው።

ዶክተር ፓስኮ ወጣት ናት፤ ከደቡብ የመጣች፣ ረጋ ያለች ሴት። ከኤድዊን ፊት ለፊት ተቀመጠችና ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠየቀችው። «የገበያ ቀን» አላት፤ አልነበረም። ሰዓት ይሣሉልኝ ብትለው ክቡን አሳምሮ ሣለና ቁጥሮቹን ሁሉ ባንድ ጎን አጨናነቃቸው።

«እሺ፣ አቶ ሜትካፍ፣ የሚንከባለል ድንጋይ ሽበት አያወጣም ሲባል፣ ምን ለማለት ነው?»

ኤድዊን በሐዘኔታ አያት። «ልጄ፣ ድንጋይ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እዚህ ድንጋይ የሚንከባለለው ከላይ ወደ ታች ነው። ከታች በግ አለ። ካቡን ቀድመሽ ካልጠገንሽው የሚያርፈው በጉ ላይ ነው። ድንጋዩ ላይ ስለሚበቅለው ሽበት አንቺ አትጨነቂ።»

ዶክተሯ ፈገግ ብላ አንድ ነገር ጻፈች። ሂልዳ ከምድጃው አጠገብ ቆማ በኀፍረት ጆሮዋ ጋለ። ከቦታ ቦታ የሚዞር ሰው ሀብት አያፈራም ማለት ምን ያቅታል? ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትለው የኖርከውን!

በር ላይ ዶክተሯ ካፖርቷን እየቆለፈች ነገሩን በግልጽ ነገረቻት። «ከወር በኋላ ተመልሼ አያቸዋለሁ። ያን ጊዜ አንዱን እንወስናለን፤ ወይ ጠዋት ጠዋት ረዳት እየመጣችላችሁ እዚሁ ይቆያሉ፣ ወይ ከተማው መጦሪያ ይገባሉ። አደጋው እየባሰ ከሄደ እዚህ ይቆዩ ብዬ ልፈርም አልችልም፣ ወይዘሮ ሜትካፍ።»

«ሲመጡ ምን ይጠይቁታል?»

«ያው እንደዛሬው ነው» አለች ዶክተሯ፣ ምንም ሳትጠረጥር።

መጦሪያውን ሂልዳ ታውቀዋለች። የዊልፍ ሚስት እዚያ ነው የሞተችው። ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው፣ ማንም የማያየው ቴሌቪዥን እየጮኸ፣ በሩ የሚከፈተው የምስጢር ቁጥር ተነክቶ። ኤድዊን በጎች ከሚወልዱበት ሰሞን በቀር ከራሱ አልጋ ውጭ አድሮ አያውቅም። የዚያ ተራራ በጎች አጥር የላቸውም፤ ግልገሏ ከእናቷ ኋላ ኋላ እየሄደች የራሷን ተራራ ትለምዳለች፣ ሌላ ቦታ ብትወስዳት ሣር መሀል ቆማ ትከሳለች። ሂልዳ ባሏን የምታውቀው እንደዚያ ነው። እዚያ ካስገቡት ሳምንትም አይቆይልኝ፣ አለች በልቧ። ስለዚህ ምን ቆረጠች? ልታስተምረው።

ማስተማር ደግሞ ከማን ትማር? ከራሱ ከኤድዊን። ኤድዊን ውሻ በማሠልጠን በሸለቆው ሁሉ ስሙ የተጠራ ነበር፤ ከሩቅ መንደር ቡችላ ያመጡለት ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ ቃሉ አይለወጥም፣ ተራውም አይለወጥም። መጀመሪያ ተኚ፣ ቀጥሎ በግራ ዙሪ፣ ቀጥሎ በቀኝ፣ ቀጥሎ ቀስ ብለሽ ቅረቢ። በየቀኑ ያው በያው፣ ውሻዋ ሌላ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን እስክትረሳ። መጨረሻ ላይ «ይበቃል» ይላታል፤ ይበቃል ማለት ሥራው አለቀ፣ ወደ ቤት እንግባ ማለት ነው። ተራውን ማቀያየር የሚመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። ሂልዳ ሁለተኛ ዓመት አልነበራትም።

በማግስቱ የአጃ ገንፎውን ሳህን አነሳችና ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«ከድንጋዩ እንጀምር፣ ኤድዊን። የሚንከባለል ድንጋይ ሽበት አያወጣም። ሲባል ምን ማለት ነው?»

«ምን ማለት ነው ይባላል እንዴ?»

«ዛሬ ይባላል። ከቦታ ቦታ የሚዞር ሰው ሥር አይሰድም፣ ሀብትም አያፈራም። በል ድገመው።»

«ማን ነው የዞረው?»

«ማንም አልዞረም፣ ድገመው።»

«ሂልዳ፣ መሸ እኮ። ወደ ቤት እንሂድ።»

ይህ ሌላው ጣጣ ነው። ከዓመት ወዲህ ኤድዊን በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወደ ቤት እንሂድ ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ትከራከረው ነበር፤ ቤትህ ይኸው አይደለም ወይ፣ ግድግዳውን ያቆመው አያትህ አይደለም ወይ ትለው ነበር። ክርክሩ እንባ እንጂ ፍሬ አላመጣም። ያን ዕለት ግን ብልሃት መጣላት።

«እንሄዳለን» አለችው። «በትክክል ከመለስክ ወደ ቤት እንሄዳለን።»

ኤድዊን ቀና ብሎ ተቀመጠ።

አምስት ምሳሌ መረጠች። ከድንጋዩ ቀጥሎ፣ በጊዜዋ የተሰፋች አንዲት ስፌት ዘጠኙን ታድናለች። ቀጥሎ፣ ጫጩት ሳይፈለፈል አይቆጠርም። ቀጥሎ ወተቱ፣ መጨረሻ ድርቆሹ። ስድስተኛም አስባ ነበር። አንድ ጠዋት «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። ኤድዊን ትርጉሙን ይጠብቃል፣ ዓይን ዓይኗን እያየ። «ይሄስ ይቅርብን» አለችውና ተነሥታ ሳህን ማጠብ ያዘች።

ትምህርቱ ቀላል አልነበረም። አንዳንድ ጠዋት ኤድዊን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ይቆጣና በትሩን ይፈልጋል። ሂልዳ አልተቆጣችም። «አትቸኩል፣ አስብበት» ትለዋለች። ሲሰናከል «ካቃተህ ከድንጋዩ እንጀምር» ትለዋለች። ከድንጋዩ ይጀምራሉ። ሲጨርሱ «ይበቃል» ትለዋለች፣ እሱም ለመሄድ ቆቡን ይፈልጋል፤ ቆቡን ሲያገኝ የሚሄድበትን ይረሳል። ዊልፍ ወተት ሊያደርስ ብቅ ሲል ሁለቱን እንደ መምህርና ተማሪ ተፋጠው አገኛቸው።

«ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው?» አላት። «አሮጌ ውሻ አዲስ ነገር አይማርም፣ ሂልዳ።»

«አንተ ካልተማርክ ሌላውም አይማርም ማለት ነው?»

«እኔንማ ሚስቴም ማስተማር አቅቷት ነው የሞተች» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ ኤድዊንን ልብ ብሎ አየው። «እሱ ግን እንዴት ነው? ትናንት በር ላይ ዝናቡ አላባራ አለ ብለው ዝም አለኝ። ወትሮ አንድ ነገር ጣል ያደርግ ነበር።»

«ደክሞት ነው» አለች ሂልዳ።

አልደከመውም። እሷም ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። በዚያው ሳምንት ቀበሮ ገብቶ ሁለት ዶሮ በላባት። ላባውን በእጇ ይዛ ወደ ቤት ገባችና ኤድዊን ፊት ቆመች፤ ያችን የወተቷን ነገር እስኪላት ጠበቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታት ሰልችታት የነበረችው ቃል፣ ያን ዕለት ብትሰማት ነፍሷ መለስ ትል ነበር። ኤድዊን ላባውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ «ከድንጋዩ ነው የምንጀምረው?» አላት። ሂልዳ ላባውን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። የሚመጣው ትምህርቱ ነው፣ የቀረው ይቅር ብላ ራሷን አጽናናች። ሰው መቼም የጨነቀው ዕለት የማይለው የለም።

ደግሞም ትምህርቱ መጣ! አንድ ጠዋት ኤድዊን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አምስቱንም አንድ በአንድ፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ፣ ከድንጋዩ እስከ ድርቆሹ አወረደላት። ሂልዳ አቀፈችው። በሠርጋቸው ቀን እንኳ እንደዚያ አላቀፈችውም። ወዲያው ኔቪል ዘንድ ደውላ መጦሪያ መፈለጉን ተወው አለችው፤ ለረዳቷም ማረፊያ ይሆናል ብላ የላይኛውን ክፍል አጸዳች፣ አዲስ መጋረጃ ሰቀለች። ጫጩት ሳይፈለፈል አይቆጠርም እያለች በየቀኑ የምታስተምረው እኮ እሷ ናት። ሰሚ ጆሮ ግን ለራስ አይሠራም።

ዶክተር ፓስኮ በቀጠሮዋ መጣች። ኤድዊን ተላጭቶ፣ የእሑድ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል። ሂልዳ ሻይ ልትቀዳ ብላ ከምድጃው አጠገብ ቆመች። ዶክተሯ ቀኑን ጠየቀችው፤ አላወቀውም። ሰዓቱን ትታ ወደ ምሳሌው ሄደች፤ ሂልዳ በልቧ ተመስገን አለች።

«አቶ ሜትካፍ፣ ጫጩት ሳይፈለፈል አይቆጠርም ሲባል ምን ማለት ነው?»

ኤድዊን ቀና አለ። ዓይኑ ላይ ያቺ ውሻውን ለውድድር ሲያወጣ የምትታየው ኩራት መጣች። «ከቦታ ቦታ የሚዞር ሰው ሥር አይሰድም፣ ሀብትም አያፈራም» አለ ጥርት አድርጎ።

ዶክተሯ ብዕሯን ያዝ አደረገች። «ለፈሰሰ ወተት አይለቀስም ሲባልስ?»

«ትንሹን ጉዳት በጊዜው ካረምከው ትልቁ አይመጣም።»

ሂልዳ ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አለች። አሁን ገባት። አስተማሪዋ እሷ፣ ጥፋቱም የሷ፤ ተራውን ነው ያስተማረችው እንጂ ነገሩን አይደለም። ልትጮህለት ፈለገች፤ እሱ ግን እሷን እያየ ፈገግ ይላል፣ አየሽ አይደል እንደሚል።

ዶክተሯ ሦስተኛውን ስትጠይቅ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «የሚንከባለል ድንጋይስ፣ አቶ ሜትካፍ? ባለፈው የነገሩኝ?»

«ያልጨበጥከውን ነገር የኔ ነው አትበል» አላት ኤድዊን። ከዚያ ወደ ሂልዳ ዞሮ፣ «ሁለት ቀረኝ። ከዚያ ቤት እንሄዳለን አይደል?» አላት።

ዶክተሯ ወረቀቷን አጠፈች። ሂልዳን ወደ ደጅ ይዛት ወጣች፤ ኔልም ተከተለቻቸው።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለች ሂልዳ ሳትጠየቅ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ያስተማርኩትን ይተዉትና ሌላ ነገር ይጠይቁት፤ ስለ በግ ይጠይቁት።»

«ወይዘሮ ሜትካፍ፣ እኔ ምሳሌ ያውቃሉ አያውቁም ብዬ አይደለም የጠየቅኋቸው። ያልጠበቁት ነገር ሲመጣ ምን ያደርጋሉ ብዬ ነው። እሳት ተራ ጠብቆ አይነሣም።»

«ባለፈውም እኮ አልመለሰልዎትም።»

«መልሰውልኛል እንጂ» አለች ዶክተሯ። «ካቡን ቀድመሽ ጠግኚ አሉኝ። አደጋ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ትንሽ ጊዜ ልስጣቸው ብዬ ነው የሄድኩት። እዚሁ ላቆያቸው ነበር ሐሳቤ። ዛሬ ግን ፈልጌ አጣኋቸው። በሽታው ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።»

ሂልዳ አወቀች። መልስ ስትሰጠው የራሱን መልስ ነጠቀችው። ያቺን የቀረችውን ትንሽ ኤድዊን፣ ድንጋይና በግ የምትለየውን፣ በገዛ እጇ፣ በፍቅር፣ ጠዋት ጠዋት ስታጠፋት ከረመች። ይህን ለማን ትነግረዋለች? ዊልፍ በካቡ በኩል ሲያልፍ አያት፤ ፊቷን ሲያይ ሁሉም ገባው።

«እንግዲህ ለፈሰሰ ወተት አይለቀስም» አላት።

ሂልዳ አለቀሰች። በዚያ ሸለቆ ሴት በአደባባይ ማልቀሷ ያልተለመደ ነውና ዊልፍ የሚገባበት ጠፍቶት ኔልን እየደባበሰ ቆመ።

ኔል ዊልፍ ዘንድ ቀረች፤ መጦሪያው ውሻ አይቀበልም። ኔቪል በመኪናው መጥቶ ወሰዳቸው። ኤድዊን መንገዱን ሁሉ በመስኮት የሰው ካብ እያየ ይሄ ወድቋል፣ ይሄ ወድቋል ይል ነበር። ሲደርሱ አንዲት ነርስ ቁጥሩን ነክታ በሩን ከፈተችላቸው። ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ቴሌቪዥኑም ይጮሃል። ኤድዊንን በመስኮቱ በኩል አስቀመጡት፤ መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያውን ነው። ነርሷ ኮቱን ልታወልቅለት ስትል እጇን በትህትና መለሰላት።

ኔቪል መኪናው ውስጥ ልጠብቅሽ ብሎ ወጣ። እሱም እንደ አባቱ ነው፤ ሲብሰው መውጣት ይወዳል።

ሂልዳ አጠገቡ ተቀመጠች። የምትናገረውን ከቤት ጀምራ ስታጠና ነበር የመጣችው፤ ስትቀመጥ ግን ሁሉም ጠፋት። ዕድሜ ልኳን ያላለችውን አሁን ከየት ታምጣው? «አውቶቡሱ የሚመጣው በገበያ ቀን ብቻ ነው» አለችው በመጨረሻ። «በገበያ ቀን እመጣለሁ።»

ኤድዊን ወደ መኪና ማቆሚያው አየ። ከዚያ፣ «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» አለ።

ሂልዳ ያን ቃል አላስተማረችውም። አንድ ጠዋት ጀምራ የተወችው ነው። ቀና ብላ ስታየው ኤድዊን ወደሷ ዞሮ፣ እጆቹን እንደሷ ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ፣ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

«ሲባል ምን ማለት ነው?» አላት።

«ኤድዊን…»

«አትቸኩዪ፣ አስቢበት።» ድምፁ ገር ነበር፤ ቡችላ ሲያሠለጥን የሚያወጣው ድምፅ ነው። «በትክክል ከመለስሽ ወደ ቤት እንሄዳለን።»

ታውቀዋለች። ማን የማያውቀው አለ? ልትለው ግን አልፈለገችም፤ ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች። ከውጭ የኔቪል መኪና ጥሩምባ ተሰማ፣ አንዴ፣ አጠር አድርጎ።

«ካቃተሽ ከድንጋዩ ጀምሪ» አላት።

ከድንጋዩ ጀመረች። ከቦታ ቦታ የሚዞር ሰው ሥር አይሰድም፣ ሀብትም አያፈራም አለች። ኤድዊን ራሱን ነቀነቀ። ስፌቱን አለች፣ ጫጩቱን አለች፣ ወተቱን አለች። ድርቆሹ ላይ ስትደርስ ያ ጋሪ መጣባትና ቆም አለች፤ እሱ ግን ጠበቃት፣ ጨረሰችው። ቀጥሎ ስድስተኛውን እንደሚጠብቅ ታውቃለች። ተነሣች። የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈችለት፣ ግንባሩን ሳመችው፣ ቦርሳዋንም አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። ነርሷ ቁጥሩን እስክትነካላት ቆማ መጠበቅ ነበረባት፤ ዘወር አላለችም።

«ግድ የለም፣ አስቢበት» አላት ኤድዊን ከኋላዋ። «እኔ እንደሆነ ኮቴን ለብሻለሁ።»